ሁለተኛው ሳህን፦ «የወደቁ ቅጠሎች»ን እንዴት እንየው

መጀመሪያ እኔ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ።

«የወደቁ ቅጠሎች» የሚባለውን የፊንላንድ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከአራት ጓደኞቼ ጋር ነው። ቅዳሜ ማታ ነበር። ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ላፕቶፔ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኝቷል። «የፍቅር ኮሜዲ ነው፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል» ብዬ ነው የጠራኋቸው። ሁሉም ለመሳቅ ተመቻችተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ፈንዲሻዋን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል እጇን አየር ላይ ይዛ «ቆሟል እንዴ?» አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏት ነው። አልቆመም። ሰውየው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ማን ፊልም ያያል። አንዱ ስልኩን አወጣ። ሁለቱ ስለ ቤት ኪራይ ጀመሩ። እኔ ደግሞ እንደ ደጋሽ አፈርኩ፤ እንግዳ ጠርታ ወጡ ጨው የበዛባት ሴትዮ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንዴ ብቻዬን፣ አንዴ ከአንድ ሰው ጋር። አሁን እንዴት እንደሚታይ የማውቅ ይመስለኛል። «ፊልም ለማየት ምን መመሪያ ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ለብዙዎቹ አያስፈልግም። ለዚህኛው ያስፈልጋል።

ስለ ፊልሙ በአጭሩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የ2023 ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ አኪ ካውሪስማኪ በ2017 «ከእንግዲህ ፊልም አልሠራም» ብሎ ነበር፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ በዚህ ተመለሰ። ካን የዳኞችን ሽልማት ሰጠው። ታሪኩ ሄልሲንኪ ውስጥ ነው። አንሳ (አልማ ፖይስቲ) ሱፐርማርኬት ዕቃ ትደረድራለች። ኮንትራቷ ቋሚ ሰዓት የለውም፤ ሲፈልጓት ይጠሯታል፣ ሳይፈልጓት የለችም። ሆላፓ (ዩሲ ቫታነን) የብረት ሠራተኛ ነው። ይጠጣል፤ ሥራ ላይም ይጠጣል። ሁለቱም የመጀመሪያ ወጣትነታቸውን ተሰናብተዋል፣ ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው። አንድ ማታ ካራኦኬ ቤት ይተያያሉ። አንድም ቃል አይለዋወጡም። ሰላምታ እንኳ የለም። ፍቅሩ እዚያ ጀመረ፤ እኛ ጓደኛሞቹ ግን ቤት ኪራይ ላይ ስለነበርን አመለጠን።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱ ነው። ፊልሙ 81 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ አንዳንድ ቀን ያጥራል። ስለዚህ «ጊዜ የለኝም» አያስኬድም። ሳትቆርጡ በአንድ መቀመጫ እዩት። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ካላችሁ ይሞታል። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አድርጉት። እንደ እኔ ሌላ ክፍል ከሌላችሁ ኩሽና፣ ከስኳር ዕቃው ጀርባ። እኔ እዚያ ነው የማስቀምጠው፤ ሊነሱ ሲሉ መንገዱ ያሳፍራል።

እራት ቀድማችሁ ብሉ። ፈንዲሻ ይቅር። ፈንዲሻ ይንኮሻኮሻል፣ ይሄ ፊልም ደግሞ ከዝምታ የተሠራ ነው።

ብሩህነቱን ጨምሩ። ስለ ድህነትና ስለ ብቸኝነት የሚያወራ ፊልም ግራጫ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። ካውሪስማኪ ግን ቀለም አይሰስትም። ቀይ ልብስ፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ነገር። የደሃዋ የአንሳ ቤት እንደ አዲስ ዓመት አበባ የደመቀ ነው። የመጀመሪያ ቀን የቴሌቪዥኔ ብርሃን ዝቅ ብሎ ስለነበር ያንን ሁሉ እንደ ጭቃ ነው ያየሁት።

ድምፁንም ላፕቶፑ ላይ አትተዉት፤ አነስተኛም ብትሆን ስፒከር ሰክታችሁ እዩ። ሰዎቹ የማይናገሩትን ዘፈኖቹ ይናገሩላቸዋል። ማውስቴቲቶት የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች ቡና ቤት መድረክ ላይ ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ የሚዘፍኑበት ቦታ አለ። ስማቸው በፊንላንድኛ «የቅመም ልጃገረዶች» ማለት ነው፤ የዘፈኑ ርዕስ ደግሞ «ሐዘን ውስጥ ተወልጄ፣ ብስጭት ለብሼ» እንደማለት። ያንን በቀጭን የላፕቶፕ ድምፅ መስማት ትዝታን በስልክ ጥሪ እንደመስማት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ሳቁ የት አለ?

የእኛ የፍቅር ኮሜዲ ሳቁን በአፉ ነው የሚያመጣው። ልጁ ይለፈልፋል፣ ጓደኛው ከእሱ ብሶ ይለፈልፋል፣ ዘበኛው ጣልቃ ይገባል፣ አዳራሹ ይፈነዳል። እወደዋለሁ፣ አልክድም። እዚህ ግን እንደዚያ አትጠብቁ። እዚህ የሚያስቀው ሰው ራሱ አይስቅም። ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችን አስቧቸው። አንዱ ፊቱን ሳያፈታ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ አጠገቡ ያለው ነጠላውን አፉ ላይ ይይዛል፣ እሱ ግን ካርታውን ነው የሚያየው። የካውሪስማኪ ሰዎች ሁሉም እንደዚያ ሽማግሌ ናቸው።

ለምሳሌ ሆላፓና ጓደኛው ሁኦታሪ ያወራሉ። ከፍቶኛል ይላል ሆላፓ። ለምን? ስለምጠጣ። ለምን ትጠጣለህ? ስለሚከፋኝ። አለቀ። ማንም አይስቅም፣ ሙዚቃ አይገባም። ጓደኞቼ ይሄን ሰምተው ዝም አሉ። ብቻዬን ሳየው ግን ትራሴን ነከስኩ፤ ምክንያቱም የራሴን አጎት ከነመልሱ ነው ያየሁት።

ሌላ ቦታ ደግሞ ሁለቱ ሲኒማ ይገባሉ። የመጀመሪያ ቀጠሯቸው ነው፣ የሚያዩት የዞምቢ ፊልም ነው። ሲጨርሱ ከኋላቸው የሚወጡ ሁለት ሰዎች ስለዚያ የዞምቢ ፊልም በከባድ ሚዛን ይመክራሉ። አንዱ የብሬሶንን የገጠር ቄስ ፊልም አስታወሰኝ ይላል፣ ሌላው የለም ጎዳርን ነው ይላል። ፊልም አዋቂ ሁሉ የዞምቢ ሥጋ ውስጥ ፈላስፋ ሲፈልግ ማለት ነው። ብሬሶንና ጎዳር የሚባሉትን ዳይሬክተሮች ባታውቁ ግድ የለም። ከሲኒማ ወጥቶ የሚመጻደቅ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ አፋቸውን ትታችሁ እጃቸውን ተመልከቱ፤ የያዙትን ዕቃ። ይሄ ፊልም ፍቅሩን ዕቃ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

ወረቀቷን ተከተሉ። ከሲኒማው ደጃፍ አንሳ ስልክ ቁጥሯን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጠዋለች። ስሟን ግን አትነግረውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ነው የምነግርህ ትለዋለች። ኪሱ ይከታል። ወዲያው ሲጋራ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲሰድ ወረቀቷ ትወድቃለች፣ ነፋስ ይወስዳታል። እኛ አየን፣ እሱ አላየም። አሁን ስሟን አያውቅም፣ ቁጥሯ የለውም። ያለው ሲኒማ ቤቱ ብቻ ነው። እናም እየተመላለሰ እዚያው ደጃፍ ይቆማል። ከዚያ አንሳ በዚያ ታልፋለች። እሱ የለም። መሬት ላይ ግን የሲጋራ ቁራጭ ተከምሯል። ቆም ብላ ታያለች።

እዚህ ጋ ፊልሙን እንዳታቆሙት። እኔ ግን አቁሜዋለሁ፤ ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። አንድ ሰው ሲጠብቅሽ እንደነበረ በቁራጭ ሲጋራ ማወቅ! «ናፍቀሽኛል» የሚል ቃል ፊልሙ ውስጥ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አያደርገኝም ነበር።

ሬዲዮውን ስሙ። አንሳ ቤቷ ስትገባ አሮጌ ሬዲዮ ትከፍታለች። ዜናው የዩክሬን ጦርነት ነው። ጣቢያ ትቀይራለች ወይ ታጠፋዋለች፣ ዝምታው ይመለሳል። አንዳንዱ ተመልካች «ይሄ ከፍቅር ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። እኔ አልጠየቅሁም። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ነው፤ የሠርግ ጥሪ ካርድ አዘጋጃለሁ። ጥር ሲቃረብ በቀን የስንት ሙሽሮችን ስም ጎን ለጎን እንደማሰፍር አልቆጥርም። ማታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በሬን ስከፍት ሰው የለም፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ። በእኛስ ዓመታት ሬዲዮ ምን ይል ነበር? ጦርነት ነዋ። እንዲህ ሆኖም ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ምናልባት አንድ ሰው ያየኝ ይሆናል ብሎ።

ሳህኑ ላይ ደርሻለሁ። ስለ ሳህኑ ለመጻፍ ነው ይሄን ሁሉ የጀመርኩት፤ ለዚያ ግን እማማን ማስገባት አለብኝ።

ከሥሬ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት አሉ። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። እኔ ስገባ ስወጣ «ልጄ፣ ደህና ዋልሽ?» ይሉኛል፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያወራነው ይሄንኑ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት የሳቸው ቴሌቪዥን ተበላሸና «ያንቺ ይሠራል?» ብለው መጡ። ድራማቸውን ፈልገው ነበር፤ ሰዓቱ አልፏል። እኔ ይሄን ፊልም ልከፍት ስል ነው የደረሱት። እንዴት ልበላቸው? «እማማ፣ የፊንላንድ ፊልም ነው» አልኳቸው። «ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ወላጅ፣ አያት ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ማየት ለምትፈልጉ እዚህ ጋ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ፊልሙ በፊንላንድኛ ነው፣ የግርጌ ጽሑፉ እኔ ያየሁት ላይ በእንግሊዝኛ ነው። እማማ እንግሊዝኛ አያነቡም። ሌላ ፊልም ቢሆን አስተርጓሚ መሆን ያደክማል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሦስት ሰው ተናግሯል። እዚህ ግን አንድ ሰው ተናግሮ ሌላው እስኪመልስ ቡና ይፈላል። ያለምንም ጥድፊያ እየተረጎምኩ ጨረስኩት። እንዲያውም ግማሹን መተርጎም አላስፈለገኝም። አንሳ ቀኑ ያለፈበት ምግብ ስለወሰደች ከሥራ ስትባረር እማማ ከኔ ቀድመው «አባረሯት? ለሚጣል ነገር?» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ጓደኞቿ አብረዋት ሲወጡ «ጎሽ» አሉ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ድምፃችሁን እንደ ፊልሙ ሰዎች ዝቅ አድርጉ፣ ቀልዱን ደግሞ አታብራሩ። አንዴ አብራርቼ «ገብቶኛል፣ ልጅ አይደለሁም» ተብያለሁ።

እሺ፣ ሳህኑ። አንሳና ሆላፓ በስንት መከራ ይገናኛሉ፣ እራት ትጠራዋለች። ቤቷ ገብታ ስታይ ያላት ሳህን አንድ ነው። ሹካ አንድ፣ ቢላዋ አንድ። ስለዚህ ሱቅ ሄዳ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካና አንድ ቢላዋ ትገዛለች። ስድስት አይደለም፣ አንድ። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ዓይናችሁን ካነሣችሁ አመለጣችሁ።

ብቻዬን ያየሁት ቀን እዚህ ጋ ደረቴን ከበደኝ። ተነሥቼ የኔን መደርደሪያ አየሁ። አራት ሳህን አለኝ፤ እናቴ ገዝታ የላከችው ነው፣ ሁለቱ ከነስቲከራቸው ነበሩ።

እማማ ግን ምን አሉ መሰላችሁ? የሳህኗን ግዢ በጥሞና አዩና ወደኔ ዞረው፦

«ምነው፣ አብረው አይበሉም እንዴ? አንዱ ሳህን ይበቃቸው የለ?»

እንዲህ አስቤው አላውቅም። እኛ ዘንድ ለእንግዳ ሳህን አይገዛም፤ እጁን ታጥቦ ቀረብ ይላል፣ እንጀራ ይጨመራል፣ አለቀ። አንድ ትሪ የስንት ሰው እንደሆነ ማንም አይቆጥርም። «እማማ፣ እነሱ ጋ እያንዳንዱ የራሱ አለው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ መግዛቷ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። «ቦታ አወጣችለት ማለት ነው።»

እራቱ እንደታሰበው አይሄድም። ሆላፓ ደብቆ ከያዘው ይጎነጫል። አንሳ አባቷንም ወንድሟንም መጠጥ ነው የወሰደባት፤ እወድሃለሁ ግን ሰካራም አልፈልግም ትለዋለች። ማንም እንዲያዘኝ አልፈልግም ብሎ ይወጣል። ከዚያ ያንን አዲስ ሳህን አንሥታ ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለች። እማማ «ኧረ!» አሉ። «ሳህኑ ምን አደረገ!» እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። እንግዲህ ይሄን ነው ለጓደኞቼ ማሳየት ያቃተኝ። ኮሜዲው እዚህ ነው ያለው፤ ከልቅሶው ጋር አንድ ሳህን ላይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤታችሁ ውስጥ የሚጠጣ ሰው ካለ ወይም ከነበረ፣ ፊልሙ ይነካችኋል። ሰካራሙን መሳቂያ አያደርገውም፣ ይቅርታም አያበዛለትም። የማያውቅ ሰው ይዛችሁ ስትቀመጡ ይሄን አስቡበት። በተረፈ ልጆች አጠገብ ቢኖሩም ዓይን የሚያስሸፍን ነገር አላየሁበትም፤ ይሰለቻሉ እንጂ። አንድ ውሻ አለች፣ እሷ ስትመጣ ይነቃሉ። ስሟ መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው፤ አልነግራችሁም። ፊልም ለሚያውቅ ሰው ስሟ ብቻውን ትልቅ ሳቅ ነው።

የት ቁም ነገር እንደሚጀምርና የት ቀልድ እንደሚያልቅ ካልተለየላችሁ አትጨነቁ። እኔም አልተለየልኝም። አንዳንድ ሰው ይሄ የፍቅር ፊልም አይደለም፣ ሁለቱ እኮ የሚሳሳሙ እንኳ አይመስሉም ይላል። እውነት ነው፣ ጉንጩ ላይ ከምትስመው በላይ አትጠብቁ። ግን ስሟን የማያውቃትን ሴት ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆሞ የጠበቀ ሰው ከተቃቀፈው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከወደዳችሁት ቀጥሎ የ1986ቱን «ጥላዎች በገነት» እዩ፤ እሱም የካውሪስማኪ ነው፣ የቆሻሻ መኪና ሠራተኛና የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ። የዚህኛው ታላቅ ወንድም በሉት። የ1990ዋን «የክብሪት ፋብሪካዋ ልጅ» ግን በዚያው ማታ አታስከትሉ። እሷ ጨለማ ናት። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ምሳ በልታችሁ።

የእማማን ነገር ልጨርስላችሁ። መጨረሻው አካባቢ ሆላፓ ከመጠጥ ጋር ይጣላል፣ ለአንሳ ይደውላል፣ ና ትለዋለች። ተነሥቶ ይወጣል። እማማ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነበር። ልክ እዚያ ላይ መብራት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ላፕቶፔ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ በገመድ ብቻ ነው የሚሠራው። (ይሄንንም መመሪያው ውስጥ ቁጠሩት፦ ቻርጅ አድርጉ።) ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። «ይመጣል» አልኩ፣ መብራቱን ማለቴ ነው። አልመጣም። ሻማ ይዤ እስከ በራቸው ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ደህና አደርሽ» የለ፣ ምን የለ።

«ደረሰ?» አሉኝ።

«ማታ ይምጡና እናያለን» አልኳቸው።

አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ድፎ ዳቦ በሳህን ይዘው፣ በሌላ ሳህን ከድነው ቆመዋል። መብራት ነበር። ያቆምንበትን ፈልጌ ከፈትኩ።

ሁለቱ ሳህኖች እስካሁን እኔ ጋ ናቸው። ባዶ ሳህን አይመለስም፤ ምን ሠርቼባቸው እንደምወርድ እያሰብኩ ነው።